ቢራቢሮዋ አሸናፊ የተባለችበት ፖስተር

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የምሠራው እስራኤል፣ ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ባለ አንድ የተፈጥሮ ማዕከል ነው፣ አስጎብኚ ነኝ። ለፔሳህ፣ ለአይሁድ ፋሲካ፣ እረፍት ለሚመጡ ልጆች አዲስ ፖስተር ይሠራ ተባለ። በአንድ በኩል ፔይንትድ ሌዲ የምትባለው ብርቱካንማ ቢራቢሮ፣ በሌላ በኩል ጀርቦአ፣ ዘላይዋ የበረሃ አይጥ። ርዕሱ "የበረሃው ጀግና ማነው?"

ቢራቢሮዋን እዚህ የማያውቃት የለም። ማርች 2019 ላይ አገሩን ሞልታው ነው ያለፈችው። ጀርቦአን ግን ቀን የሚያያት የለም። ሰውነቷ ከመዳፍ አያልፍም፣ ጭራዋ ግን ከራሷ ይረዝማል። ፀሐዩ ሲከር ጉድጓዷን ከውስጥ በአፈር ደፍና ትተኛለች፣ ማታ ወጥታ በሁለት እግሯ እየዘለለች ፍሬና ቅጠል ትለቅማለች። ውኃ ሳትጠጣ መኖር ትችላለች። ከምትበላው የምታገኘው ይበቃታል፣ ኩላሊቷም ውኃ አያባክንም።

አለቃዬ ሠንጠረዡን ይዞ መጣ። "የጉዞ ርቀት" በሚለው ረድፍ ለቢራቢሮዋ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለጀርቦአ "ጥቂት" ይላል። ከታች በቀይ፦ አሸናፊ፣ ቢራቢሮዋ።

"ይሄ እኮ የአንዲት ቢራቢሮ ጉዞ አይደለም" አልኩት። "ከአፍሪካ ተነስቶ ሰሐራን ተሻግሮ አውሮፓ ደርሶ የሚመለሰው ዘሯ ነው። አንዷ ክንፍ ካወጣች በኋላ የምትኖረው ጥቂት ሳምንት ነው። ኮሸሽላ ላይ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች፣ ልጇ ትቀጥላለች፣ ከዚያ የልጅ ልጇ።"

"እና?"

"እናማ አንድ ሙሉ ዘር ከአንዲት አይጥ ጋር እያወዳደርክ ነው።"

ትንሽ አየኝና "ልጆች ትውልድ ምናምን አይገባቸውም፣ አሸናፊ ነው የሚፈልጉት" አለኝ።

ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከልጆቹ ጋር የሚውለው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። በመጨረሻ "በብዙ ትውልድ" የሚል ጽሑፍ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጨመረና ተሰቀለ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጉዞውን እንዳለ በቃሌ ስነግራቸው አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "እናቷ ከሞተች መንገዱን ማን ነገራት?" አለች። ፀሐይን እያየች አቅጣጫ እንደምትይዝ አስረዳኋት። ቀጥላ ደግሞ ጀርቦአ ለምን እንደማትሄድ ጠየቀችኝ። ማንም ስለ አሸናፊ አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዥ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ቁጥሩ የማን ነው?" ብዬ ነው። ፖስተሩ ግን አሁንም ተሰቅሏል። ይነሳ ብዬ በየስብሰባው እናገራለሁ፣ የሚቀጥለውም ላይ እናገራለሁ።