የአባቴ ዛጎሎችና የእናቴ አንቀልባ

አባቴ ባሕረኛ ነበር፤ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል። እኛ ደግሞ ደብረ ማርቆስ። ለፈቃድ ሲመጣ ከሻንጣው መጀመሪያ የሚወጣው ዛጎል ነው። አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ በካልሲ የተጠቀለሉ ሦስት አራት። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ እሱ አሰብ ነበርና በሰላም ተመለሰ። ዛጎል መምጣቱ ግን በዚያው ቀረ። ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያርፍ ከተወልን ነገር አንዱ 43 ዛጎል የያዘ የሳንቃ ሳጥን ነው።

እህቴ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። ሳጥኑን ለሁለት መክፈል ሁለታችንንም አላስደሰተንም። «በደንብ አንሳልኝ፤ እኔ ፎቶውን እይዛለሁ» አለችኝ። ያቺ «በደንብ» የምትል ቃል ሙሉ ክረምት ወሰደችብኝ። ያለኝ አሮጌ ካኖን ካሜራና 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። ሰርግ አንስቼበታለሁ፣ ጥምቀት አንስቼበታለሁ። አውራ ጣት የምታህል ዛጎል ግን አንስቼ አላውቅም።

ትንንሽ ነገር አቅርቦ የሚያነሳውን የማክሮ ሌንስ ዋጋ ጠይቄ ተውኩት። በምትኩ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ገዛሁ። ባዶ ቀለበት ነው፣ መስታወት የለውም። ሥራው ሌንሱን ከካሜራው ማራቅ ብቻ ነው፤ ሌንሱ ሲርቅ አጠገቡ ያለውን ነገር ማየት ይችላል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ 50 ሚሊሜትር ሲርቅ ዛጎሏ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ በራሷ ቁመት ልክ ታርፋለች። የኔ ካሜራ ሴንሰር ወርዱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ሳንቲሜትር የምትሆን ዛጎል ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ትሞላዋለች። ርካሹ ቲዩብ አንድ ችግር አለው፦ የኤሌክትሪክ መገናኛ ስለሌለው አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ከካሜራው ማዘዝ አይቻልም። የአፐርቸር ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። መላ አለው። ሌንሱን መጀመሪያ በቀጥታ ካሜራው ላይ ትገጥማለህ፣ አፐርቸሩን 8 ላይ ታደርጋለህ፣ የፎከስ ጥልቀት የሚያሳየውን ቁልፍ ተጭነህ ሳትለቅ ሌንሱን ትነቅላለህ። አፐርቸሩ እንደጠበበ ይቀራል።

አሁን ስሕተቴን ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። ዛጎሎቹ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ነበረባቸው። እኛ ቤት ነሐስ የሚወለወለው በሎሚ ነው። እኔም አንዷን ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ውስጥ ከተትኳት። ወዲያው እንደ ለስላሳ መጠጥ አረፋ አወጣች። እየጸዳች መስሎኝ ደስ አለኝ። ስትደርቅ ወዟ ጠፍቷል። ፊቷ እንደ ኖራ ሆኗል። ለነገሩ ዛጎልና የኖራ ድንጋይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ አሲድ ይበላቸዋል። የሄደው ወዝ አይመለስም።

ነጩ ዱቄትም ቢሆን ቆሻሻ አልነበረም። እንጨት የአሲድ ትነት ያወጣል። ትነቱ ክዳኑ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ታፍኖ ከዛጎሉ ጋር ሲዋሃድ ነጭ ጨው ይሠራል። ሰብሳቢዎች «የባይን በሽታ» ይሉታል፤ ባይን የሚባል የዛጎል ሰብሳቢ በ1899 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል። በሽታ ይባል እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚጋባ አይደለም። አባቴ በፍቅር ያሠራው ሳጥን እነዚያን ዛጎሎች ስንት ዓመት ቀስ እያለ ሲበላቸው እንደኖረ ሳውቅ በጣም ነው ያዘንኩት። በንጹሕ ውሃ አጠብኳቸው፣ ጥላ ላይ አደረቅኳቸው፣ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ካርቶንም እንደ እንጨቱ ስለሆነ አይሆንም።

ከሁሉ የምታምረው፣ ካውሪ ከሚባሉት የዛጎል ዓይነቶች አንዷ የሆነችው ፓንተር ካውሪ ናት። መገኛዋ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። እንቁላል ትመስላለች፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ አለ፣ ቫርኒሽ የተቀባች ነው የምትመስለው። በሕይወት ሳለች ሥጋዋ ከውስጥ ወጥቶ ጀርባዋን ያለብሳታል። አሸዋ አይፈትጋትም፣ ላይዋም ላይ በየጊዜው አዲስ ወዝ ይደረባል። ለዓይን ደስ ይላል። ለካሜራ ግን መስታወት ፎቶ እንደማንሳት ነው።

በፍላሽ ሞከርኩ። መሀሏ ላይ የተቃጠለ ነጭ ነጥብ ወጣ። መስኮት አጠገብ ወሰድኳት። ፎቶውን ሳሰፋው የመስኮታችን ብረት ጀርባዋ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከብረቱ ጎን የኔ ጭንቅላት አለ። መስኮቱን በነጠላ ጋረድኩት። ጥለቱ አረንጓዴ ስለነበር ዛጎሏ ጎን ላይ አረንጓዴ ሰንበር ጣለባት። ጥለቱን አጥፌ፣ ነጠላውን አስጠግቼ ደገምኩ። አሁን ደግሞ ድርና ማጉ ታየ። እጅ ላይ ይዤ ሳያት የማይለይ ነገር፣ ፎቶው ላይ የሸማኔው እያንዳንዱ ክር ዛጎሏ ላይ ተኝቷል። ለብቻው ቢሆን ያምር ነበር። እኔ ግን የፈለግኩት ዛጎሏን ነው።

ያዋጣኝ ተራ ነጭ ወረቀት ነው። እንደ ቱቦ ጠቅልዬ ዛጎሏን መሀሉ አስቀመጥኳት። ከላይ ሌላ ወረቀት ከደንኩ፣ ሌንሱ ብቻ የሚያይበት ቀዳዳ በሳሁለት። ብርሃኑ ወረቀቱን አልፎ ከዙሪያዋ እኩል ይመጣል። ነጭ ዛጎል ከሆነች ግን ነጩ ውስጥ ጠርዟ ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ አንድ ጣት የሚሰፋ ጥቁር ወረቀት ከውስጥ በአንድ በኩል ለጠፍኩ። ጥቁሩ ዛጎሏ ጠርዝ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ያርፍና ቅርጿን ቁልጭ ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ ከወረቀትና ከደመና የበለጠ ነገር አላየሁም። ደመና ያልኩት የሐምሌና የነሐሴን የጎጃም ሰማይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ብርሃን፣ ጥላ የለም። ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ አንዱ ፎቶ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ጠረጴዛ ላይ ስሠራ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይደበዝዝ ነበር። ካሜራውን ሲሚንቶ ወለሉ ላይ አወረድኩት፣ በጣቴም መጫን ትቼ ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀምኩ።

ከብርሃኑ ቀጥሎ ያስቸገረኝ ጥልቀቱ ነው። በዚህ ቅርበት፣ አፐርቸሩ 8 ላይ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። የዛጎሏ አናት ሲጠራ ጎኗ ጭጋግ ነው። አፐርቸሩን እስከ 22 አጠበብኩት። ሁሉም ነገር ታየ፣ ግን ሁሉም ነገር ደበዘዘ። ብርሃን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበታተናል፤ በዚህ ቅርበት ላይ 22 የሚሠራው እንደ 44 ነው። ስለዚህ 8 ላይ ተመለስኩና ፎቶውን በቁርጥራጭ ማንሳት ጀመርኩ፦ አናቷን፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ። በኋላ ኤንፊዩዝ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ከየፎቶው የጠራውን ክፍል መርጦ አንድ ያደርገዋል።

«ትንሽ ዝቅ» ስንት ነው? እጅ ይህን አይመጥንም። ሠፈራችን ያለ ብየዳ ቤት ሄጄ ካሜራው የሚቀመጥበት ተንሸራታች ብረት አሠራሁ፤ የሚገፋው ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ነው። የዚህ ብሎን ጥርስ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር አንድ ሚሊሜትር ይሄዳል። ብሎኑ አናት ላይ በቀለም ምልክት አደረግኩ። ግማሽ ዙር ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ግማሽ ዙር፣ ፎቶ፣ ግማሽ ዙር፣ ፎቶ። አንድ ሳንቲሜትር ከፍታ ያላት ዛጎል 20 ምናምን ፎቶ ትፈልጋለች። መጀመሪያ ካሜራውን አቁሜ ዛጎሏን ነበር የምገፋት። እሷ ስትንቀሳቀስ ላይዋ ላይ ያለው ነጸብራቅም ይንቀሳቀሳል፣ የተዋሃደው ምስል ላይ ጥላ የመሰለ ድርብርብ ይሆናል። ዛጎሏና ብርሃኑ ባሉበት ይቁሙ፣ ካሜራው ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ዛጎል ፊት ለፊት የሚተያዩ እንዲመስሉ አንዱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት። አምሮ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፦ አብዛኞቹ የባሕር ዛጎሎች የሚጠመዘዙት ወደ ቀኝ ነው። ስገለብጠው በተፈጥሮ እምብዛም የማይገኝ ግራ ጠምዛዛ ፈጠርኩ። ሠዓሊው ሬምብራንትም በ1650 እ.ኤ.አ. የሠራት የዛጎል ኅትመት ላይ ዛጎሏ ተገልብጣ ወጥታለች፤ የገዛ ፊርማውን ግን በትክክል እንዲነበብ አድርጎ ነው የቀረጸው። የኔን አጠፋሁት።

ጳጉሜ ላይ 42ቱን ጨረስኩ። የሎሚዋን አላነሳኋትም። የወረቀቱ ቱቦ ገና አልፈረሰም፣ እማዬ ደግሞ አንቀልባዋን ከግድግዳ አውርዳ ቅቤ ልትቀባው ይዛለች። ዳር ዳሩን በዛጎል የተሰፋ ነው፣ ከአያቴ የመጣ። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ቀርቤ ግን አላየሁትም። «እማዬ፣ ቅቤውን ትንሽ አቆዪው» አልኳትና ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ቆዳ ስለሆነ ውሃ አላስነካሁትም፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አነሳሁለት።

ዛጎሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጀርባቸው ለስፌት ተቆርጧል፣ ጥርሳም አፋቸው ወደ ውጭ ነው። አንዷ ክሯ ላልቶ ጎኗን ትሰጣለች። ፎቶውን ሳሰፋው ቁርጡ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ቢጫ መስመር አገኘሁ። ጀርባቸው ላይ የወርቅ ቀለበት የመሰለ ክብ ያላቸው ካውሪዎች አሉ፤ ያቺ መስመር ከዚያ ቀለበት የተረፈች ናት። እሷም የባሕር ልጅ ናት ማለት ነው፣ እንደ አባቴዎቹ። ድሮ ከምጽዋ በጎንደር አድርጎ እስከ ጎጃሙ ባሶ ገበያ የሚወርድ የነጋዴ መንገድ ነበር። አባቴ ምጽዋን ከማየቱ በፊት ባሕሩ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። የላይኞቹ ዛጎሎች ጥርሳቸው ስል ነው፣ በመሀሉ ጭስና አሮጌ ቅቤ ጠቁሮ ተቀምጧል። በታች በግራ በኩል ያሉት አምስቱ ግን ጥቁር የለባቸውም። ጥርሳቸው አልቆ ልሙጥ ሆኗል። ስድስተኛዋ የለችም፣ ሁለት የክር ጫፍ ብቻ ቀርቷል። በነዚህ አምስት ላይ ሁለት ቀን ቆየሁ። ከሳጥኑ ዛጎሎች ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ከነሱ ወጣ።

አሳትሜ ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው። ለምን እዚህ ጋ ብቻ እንዳለቀ ጠየቅኳት።

«እህትህ ናታ» አለችኝ። «አንተን አዝዬ ገበያ ስሄድ ከኋላዬ ይህችን ይዛ ነበር የምትከተል። እንዳትጠፋብኝ፣ ‹ዛጎሏን እንዳትለቂ› እላት ነበር።»

ስድስተኛዋንም አንድ ቀን ስትሮጥ በጥሳ ያስቀረቻት እሷ ናት አለች። ማታውኑ ፎቶውን ወደ ሐዋሳ ላክሁ።