እትዬ «እሺ» ሲሉ

ባቱ ከተማ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የአበባ እርሻ በአስተርጓሚነት እሠራ ነበር። ማናጀሩ ሆላንዳዊ ነው፤ ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው። የዓመቱ ትልቁ ገበያችን የቫለንታይን ቀን ነው፣ ፌብሩዋሪ 14። ለእሱ የሚሆነው ቀይ ጽጌረዳ ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ይቆረጣል። በቅዝቃዜ ተይዞ ቦሌ ይደርስና ወደ ሆላንድ ይጫናል። መቆረጫው አንድ ቀን ካለፈ እምቡጡ ይፈነዳል፣ ዋጋውም ይወድቃል።

ማናጀሩ የመንግሥትን የበዓላት ዝርዝር አይቶ ጃንዋሪ 29ን ሙሉ የሥራ ቀን አደረገው። ቀኑ ግን ጥር 21 ነው፣ አስተርዮ ማርያም። ዝርዝሩ ውስጥ ጥምቀት አለ፣ አስተርዮ የለችም።

የቆራጮቹን ኃላፊ አስጠራ። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው።

«የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ይገባል?»

እትዬ አቀርቅረው ትንሽ ቆዩና «እሺ» አሉ። እኔም «ይገባሉ» ብዬ ተረጎምኩ።

በዕለቱ ግማሹ ቆራጭ ቀረ። እትዬም አልመጡም። በማግስቱ ማናጀሩ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ዋሽተውኛል በላቸው» አለኝ። እናቴን በሚያህሉ ሴት ፊት ይህን ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ከፊቱ አንብበውት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ምሳ ላይ ለብቻቸው አግኝቼ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ አለቃዬን ፊት ለፊት እምቢ ልበለው? ነውር አይደለም? እሺ ያልኩት ሰምቻለሁ ለማለት ነው። ማርያምን ትተን እንደማንገባማ ማን ያጣዋል?»

እኔ አላጣሁትም ነበር። ቃሉን ተረጎምኩ እንጂ ማቀርቀራቸውን አልተረጎምኩም። ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። እሱ ደግሞ አገሩ ውስጥ የማይችል ሰው «አልችልም» እንደሚል፣ ማንም እንደማይቀየም፣ ንዴትም በአደባባይ ተነግሮ እዚያው እንደሚያልቅ አስረዳኝ። አደባባይ ላይ መናገሩ እትዬን ምን ያህል እንደሰበራቸው ስነግረው ደነገጠ። ማታ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃቸው።

በቀጣዩ ዓመት ገና በጥቅምት እትዬን አስጠራቸው።

«ጥር 21 ስንት ሰው ይቀርብናል?»

እትዬ ቀና አሉ። «ከሰባው አርባው ይቀራል። ሙስሊሞቹና ፕሮቴስታንቶቹ ይገባሉ። እኛ ደግሞ የ20ን ማታና የ22ን ንጋት እንጨምራለን። የትርፍ ሰዓቱ ግን ይታሰብልን።»