ላሟ ሸናች፣ እርግዝናው ጠፋ

እጄ እስከ ብብቴ ድረስ ላሟ ውስጥ ነው። ከመዳፌ ሥር ክብ፣ ለስላሳ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር አለ። ጽንስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «የአራት ወር እርጉዝ ናት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። መምህሩ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «መቶ በመቶ።» መልስ አልሰጠኝም። ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ላሟ ጀርባዋን ጎበጥ፣ ጅራቷን ቀና አደረገችና መሽናት ጀመረች። ሸናች፣ ሸናች፣ አሁንም ሸናች። ከመዳፌ ሥር የነበረው «ጽንስ» እየሟሸሸ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ።

ሽንት ፊኛ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በባቻችን ስሜ «አዋላጁ» ነው።

አራተኛ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ይህ ማስታወሻ የአንድ ሴሚስተር ነው፤ በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ የላም እርግዝናን በእጅ መመርመርን ስለመማር። ከእኛ ቀጥሎ ለሚመጡት ይጠቅማል ብዬ ነው። ቢያንስ ያስቃል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እጅ የሚገባው በፊንጢጣ በኩል ነው። ማህፀኑ ከአንጀቱ ሥር ስለሚገኝ በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ይዳሰሳል፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛን ሰው እንደመነካካት ነው። አልትራሳውንድ አለ፤ ከአንድ ወር ገደማ ጀምሮ እርግዝናን ያሳያል። ግን መሣሪያው ሁሉም ቦታ የለም። ቢኖርም ደግሞ ብዙ ጊዜ ፕሮቡን (ምስሉን የሚያነሳውን ጫፍ) ይዞ የሚገባው ያው እጅ ነው፤ የት እንዳለ የማያውቅ እጅ ስክሪን ቢሰጡትም አያድነውም።

ከሌላው ትምህርት ሁሉ የሚለየው መምህሩ የምትነካውን ማየት አለመቻሉ ነው። አንተም አታይም። ለልብ ድምፅ ሁለት ሰው አንድ ላይ የሚያዳምጥበት ስቴቶስኮፕ ተሠርቷል። ቀዶ ሕክምና ላይ መምህሩ አጠገብህ ቆሞ ቋጠሮህን ያያል፣ «ይሄ ይፈታል» ይልሃል። እዚህ ግን አንድ ላም፣ አንድ እጅ፣ አንድ ሰው። በአንተና በሌላው ዓለም መካከል ያለው አፍህ ብቻ ነው። የምትነካውን በቃል መናገር ካልቻልክ ማንም ሊያርምህ አይችልም።

እኔ ደግሞ ቃል አልነበረኝም። መምህሩ «ምን ይሰማሃል?» ሲለኝ መልሴ «የሆነ ነገር» ነበር። አንዴም «ለስላሳ የሆነ ነገር» ብያለሁ።

እዚህ ላይ ግሩፓችን ይገባል። አምስት ነን። የተገናኘነው አንደኛ ዓመት ላይ፣ በአጥንት ክፍል ውስጥ፣ ፎርማሊን ከልብሳችን አልለቅ ብሎ ሌሎች የዶርም ልጆች ሲሸሹን ነው። ማን ይጠጋን? እርስ በርስ ተጠጋጋን። ያን ጊዜ ሥራችን መሸምደድ ብቻ ነበር። የውሻ ጥርስ 42፣ የድመት 30። ላም ከፊት የላይ ጥርስ የላትም። ፈረስ 18 ጥንድ ጎድን አለው፣ ሐሞት ከረጢት የለውም፣ ማስመለስም አይችልም። አሳማ የምታረግዘው ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንትና ሦስት ቀን ገደማ ነው፤ ይህንን አንዴ የሰማ አይረሳውም። ስለ ደስታ በሽታ (ከብት ስለሚፈጀው ወረርሽኝ) ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ካነበብን በኋላ አንዱ ልጅ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ እንደታወጀ አነበበልን። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው የጠፋ በሽታ ነው። ትልቅ ታሪክ ነው፤ በዚያ ሌሊት ግን «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከንም?» ብለን ልንደበድበው ነበር።

በሽምደዳ ሦስት ዓመት ይኬዳል። አራተኛው ዓመት ላይ ግን እጅ አይሸመድድም።

ከአምስታችን አንዷ ከብት መሀል ያደገች ናት። ላም ከሩቅ አይታ «እቺ ዛሬ አላመሰኳችም» የምትል ዓይነት። ሌላው ድመትና ውሻ እንጂ ትልቅ እንስሳ ማየት የማይፈልግ፣ ላም ጅራቷን ስታወዛውዝ ሁለት እርምጃ የሚያፈገፍግ ልጅ ነው። ሦስተኛዋ ሥዕል ትሥላለች። አራተኛው ከፋርማሲ ቀይሮ የመጣ ነው፤ ለድመት ፓራሲታሞል ሰጡ የሚል ነገር ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል፤ መርዟ ነውና። አምስተኛው አዋላጁ።

ከሽንቱ ጉዳይ በኋላ የከረጢት ጨዋታ የጀመርነው በሠዓሊዋ ሐሳብ ነው። ጥቁር የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነገሮች እንከታለን፦ የወይን ፍሬ፣ ለውዝ፣ ቋጠሮ ያለው የጎማ ቱቦ፣ ውሃ የሞላ ፊኛ። አንዱ ሰው ጓንት አድርጎ እጁን ያስገባል፤ ዓይኑ ታስሯል። የሚነካውን ይናገራል፤ ስሙን መጥራት ግን ክልክል ነው። እሷ ደግሞ የሰማችውን ትሥላለች። የሣለችው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ካልመሰለ ጥፋቱ የተናጋሪው ነው። የመጀመሪያው ቀን የእኔ ወይን ፍሬ ወረቀቱ ላይ ድንች ሆኖ ወጣ።

ቀስ በቀስ ግን ቃላት መጡ። የማህፀን አንገት፦ የዶሮ አንገት፣ ጠንከር ያለ፣ ቀለበት ቀለበት ያለው። እሱን ዳሌው ወለል ላይ ካገኘህ ቤትህ ገባህ ማለት ነው፤ ከዚያ ወደፊት ተከትለህ ትሄዳለህ። የማህፀን ቀንዶች፦ እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠመዘዙ። ኦቫሪው (እንቁላል የሚወጣበት)፦ ከነልጣጩ ለውዝ። ላዩ ላይ ውሃ ያዘለች እብጠት ብታገኝ፣ ስትጫናት የምትመለስ፣ እሷ እንቁላሉን የያዘችው ናት። ጠንከር ብሎ ወጣ ያለ እንደ ጉበት የሚሰማ ከሆነ ግን እንቁላሉ ወጥቶ የቀረው ነው። በግራ በኩል ሊጥ የመሰለ፣ ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ትልቅ ነገር ካጋጠመህ አትደሰት፤ ጥጃ አይደለም፣ ጨጓራ ነው። (ይህንን ስህተት የሠራው ድመት ወዳዱ ነው። በእኔ ላይ ብቻ አትሳቁ።)

ከሁሉ የሚያምረው ግን የሁለቱ ጓንት ዘዴ ነው። ስስ የላቴክስ ጓንት ጣት ውስጥ ሌላ ውሃ የሞላ የጓንት ጣት ታስገባለህ። የውጪውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገህ ትንሽ ከፍ ስታደርገው የውስጡ ሹልክ ብሎ ይወድቃል። በእርግዝናው አምስተኛ ሳምንት ገደማ የጽንሱ ሽፋን በማህፀኑ ግድግዳ ውስጥ እንዲህ ሹልክ ይላል። በላም ላይ ይህ እንደልብ የሚሠራ አይደለም፤ ቸልተኛ እጅ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በጓንት ላይ አንድ መቶ ጊዜ ቆነጠጥን። እኔ ካፌ ተቀምጬም፣ ሌክቸር ላይም ቆነጥጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ቦታ ቀየረች።

በሴሚስተሩ ስድስተኛ ሳምንት ወደ በረቱ ተመለስን። እዚያ ከብቶቹን የሚጠብቁ ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ዲግሪ የላቸውም፤ ከዲግሪ በላይ የሆነ ነገር ግን አላቸው። አንድ ቀን ስሞክር ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ስትገፋህ መልሰህ ትገፋታለህ። እሷ ስትገፋ አንተ ዝም በል» አሉኝ። መጽሐፉም የሚለው እሱን ነው፦ አንጀቱ ሲኮማተር እጅህን አቁም፣ እስኪያልፍ ጠብቅ፣ አታስገድድ፤ አንጀቱ ሊቀደድ ይችላል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ግን ጋሼ ሲሉት ነው። ማዕበሉ ሲመጣ እጄን ዝም አሰኘሁት። ክንዴ ደነዘዘ። ከዚያ አለፈ፤ የዶሮ አንገቱም መዳፌ ውስጥ ነበር።

ለጀማሪ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ጥፍር መቆረጥ፣ ቀለበት ማውለቅ፣ ጄል አለመሰሰት፣ አምስቱን ጣት እንደ ጾም ሻማ ጫፍ አሹሎ መግባት፣ እበቱን ቀድሞ ማውጣት። ጓንትህ ላይ ደም ካየህ ያኔውኑ አቁምና ለመምህር ንገር። ኩራት እዚህ ቦታ የለውም። እኛ አንዲት ላም በአንድ ቀን ከሁለታችን በላይ እንዳትነካ ተስማምተናል፤ ላሟ የመማሪያ ወንበር አይደለችም።

ደብተር ይዣለሁ። በእያንዳንዱ ላም ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ያልኩት፣ መምህሩ ያገኘው፣ የተጠቀምኩበት ቃል። ሦስተኛው ዓምድ የእኔ ጭማሪ ነው፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። ቁጥሩን ሳየው ከመጀመሪያዎቹ 10 ላሞች 3ቱን ብቻ ነበር ያገኘሁት። ከመጨረሻዎቹ 10 ውስጥ 8ቱን። የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች ላይ ሦስተኛው ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ «የሆነ ነገር» ይላል።

ከላም የማይገናኝ አንድ ቀን ግን ልጨምር። በአሥረኛው ሳምንት ክሊኒክ ተረኛ ነበርን። አንድ እማማ ኩላሊቱ ያበቃለት ያረጀ ውሻቸውን ይዘው መጡ። እንዲያሸልብ ተወሰነ። ሐኪሟ መርፌውን ሰጠችው፤ እኔ በስቴቶስኮፕ እያዳመጥኩ ነበር። ልቡ ዘገየ፣ ቆመ። ሰዓቱን ጻፍኩ። እማማ ውሻቸውን አይተው «ለምንድን ነው ዓይኑን ያልጨፈነው?» አሉ። ሐኪሟ ወጥታለች። እኔ አፌ ተዘጋ። ያው የድሮው በሽታዬ፣ ቃል የለኝም።

ድመት ወዳዱ ልጅ፣ ከላም የሚያፈገፍገው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አጠገባቸው ሆነ። «እማማ፣ ዓይን ለመጨፈን ጡንቻ ይሠራል። አሁን ጡንቻው ሁሉ ላልቷል። እያየ አይደለም፣ አሞትም አይደለም። እጅዎን ጭነው ይያዙት።» እማማ እጃቸውን ጫኑ። እሱም አልተነሳም፤ እሳቸው እስኪነሱ ድረስ እዚያው ተንበርክኮ ቆየ።

ማታ ዶርም ውስጥ አምስታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ከዚያ ፋርማሲስቱ «ይሄንንም ከረጢት ውስጥ እንክተተው» አለ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከባድ ዓረፍተ ነገሮችን እንለማመዳለን። አንዱ ባለቤት ይሆናል፣ ሌላው ሐኪም። «ገንዘብ የለኝም።» «ትላንት ባመጣው ይድን ነበር?» መጀመሪያ አፈርን፤ ተሳሳቅን። ሦስተኛው ሰው ሲደርሰው ሳቁ ቆመ።

ስለ ውጤት ፉክክሩ ብዙ የምለው የለኝም። በባቹ ውስጥ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን ደብቀው የሚያነቡ አሉ። አንድ መምህርም ፊት ለፊት «የሰው ሐኪም መሆን ያልቻሉ ናቸው የሚመጡብኝ» ብሎናል። ተናደን ነበር። ከብት መሀል ያደገችው ልጅ ግን «ለሰው ሐኪም በሽተኛው የት እንደሚያመው ይነግረዋል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባለፈው ሳምንት 31ኛዋ ላም ላይ ማህፀኑን ልይዘው አልቻልኩም፤ ወደ ሆድ ወርዷል። አምስት ወር አካባቢ ሲሆን እንዲህ ይሆናል፤ ጽንሱ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይሰምጣል። ተስፋ ቆርጬ እጄን ላወጣ ስል ጎን ላይ ያለችውን የማህፀን ደም ቧንቧ ነካሁ። እንደ ተራ የልብ ምት ትር ትር አላለችም። ዝዝዝዝ አለች፤ ቫይብሬት ላይ ያለ ስልክ ኪስ ውስጥ ሲጠራ እንደሚሰማው። ደሙ ወደ ጽንሱ በብዛት ሲጎርፍ የሚፈጥረው ነው። መጽሐፍ ላይ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ሲነዝረኝ ግን እጄን ላወጣው አልፈለግኩም።

«ምን ይሰማሃል?» አለኝ መምህሩ።

«ስልክ እየጠራ ነው» አልኩ።

ሳቀ። «አንሳው እንግዲህ» አለኝና ጓንቱን አጥልቆ ሊያረጋግጥ ተጠጋ። ደብተሬ ላይ፣ ያልኩት፦ እርጉዝ፣ ከአራት ወር በላይ። ያገኘው፦ ያው። ቃሉ፦ ስልክ።

የቀረኝ የግራው ኦቫሪ ነው። ቀኙን እያገኘሁ ግራው ሁሌ ያመልጠኛል፤ ምናልባት የምጠቀመው ቀኝ እጄን ስለሆነ። ሐሙስ በግራ እጄ እሞክራለሁ። ከረጢቱን ከአሁኑ በግራዬ ጀምሬዋለሁ፤ ወይን ፍሬው እንደገና ድንች ሆኗል።