ዝም ያሉ ልጆችን ያናገረው የድምፅ መልእክት፦ አማርኛ በኦንላይን ሳስተምር ያየሁት

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ በኦንላይን ለምታስተምሩ የሙያ ጓደኞቼ ነው። እኔ የማስተምረው አዲስ አበባ ሆኜ ነው። ተማሪዎቼ ከ7 እስከ 12 ዓመት ናቸው። አብዛኞቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ጀርመን ይኖራሉ። ስለ ፊደል ገበታና ስለ መማሪያ መጽሐፍ እርስ በርስ ብዙ አውርተናል። ዘንድሮ እኔን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ከእኔ ጋር የሚያወራው መቼ ነው?

ቅዳሜ አይደለም። ቅዳሜ ዙም ላይ እንገናኛለን፣ እናነባለን፣ እንዘምራለን። የልጆቹን እውነተኛ አማርኛ የሰማሁት ግን በሳምንቱ መሃል፣ በእናታቸው ስልክ በሚልኩልኝ አጫጭር የድምፅ መልእክቶች ነው። አሁን የቅዳሜውን ትምህርት የማዘጋጀው ከእነዚያ መልእክቶች ተነስቼ ነው።

ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የግማሹ ካሜራ ጠፍቷል። የበራው ላይ የሚታየው ግንባርና ጣሪያ ነው። ጥያቄ ስጠይቅ ሁሌም የሚመልሱት እነዚያው ሁለት ሦስት ልጆች ናቸው። ዝም ካለው ልጅ አጠገብ እናት ወይም አባት ተቀምጠዋል። "በል እንጂ! ታውቀዋለህ እኮ!" የሚል ሹክሹክታ ይሰማኛል። ልጁ ይብሱን ይዘጋል። ወላጆች "ይሰማል እንጂ አይናገርም" ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ይነገረዋል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። እንዲህ የለመደ ልጅ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪገጣጥም ጊዜ ይወስድበታል። እኩዮቹ ፊት ሲሆን ደግሞ ያፍራል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ዝምታውን መታገስ ነው። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የሚደረጉ ንግግሮችን ቀርጻ አጥንታለች። አስተማሪዎች ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ። ይህ በአካል ክፍል ነው። ዙም ላይ ድምፁ ራሱ ዘግይቶ ይደርሳል። ልጁ ማይኩን መክፈት አለበት። ስለዚህ ሦስት ሴኮንድ አይበቃም። እኔ በልቤ እስከ ስምንት እቆጥራለሁ። ለወላጆችም አስቀድሜ ነግሬያለሁ፦ "ዝም ስል ልጃችሁ እያሰበ ነው፤ እባካችሁ አታቀብሉት።" ይህ ለውጥ አምጥቷል። መሃል ላይ የነበሩት ልጆች መናገር ጀመሩ። ጭራሽ ዝም የሚሉት ግን ዝም እንዳሉ ቀሩ።

የድምፅ መልእክቱን የጀመርኩት ለእነሱ ብዬ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙን ጠርቼ አጭር መልእክት እልካለሁ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው። ከመጽሐፉም አይደለም። ዛሬ ምሳ ምን በላህ? ውጭ ምን ዓይነት አየር ነው? ከመስኮትሽ ምን ይታያል? ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ቀድቶ መላክ አይሠራም። ልጆቹ ይነቃሉ፤ ለራሳቸው እንዳልተላከ ከድምፁ ያውቁታል።

አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ክፍል ውስጥ ከ"አዎ" እና ከ"አይ" ውጪ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስለ ምሳዋ ስጠይቃት እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፦ "ዛሬ... እእ... ፓስታ በላሁ። ግን ሽንኩርት አለው። ሽንኩርት አልወድም። አውጥቼ... አውጥቼ ጣልኩት።" ደጋግሜ ሰማሁት። "አውጥቼ ጣልኩት" ቀላል ነገር አይደለም። "አውጥቼ" ቦዝ አንቀጽ ነው፣ ሌላ ግስ ካልተከተለው ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም፤ እዚያ ገና አልደረስንም። ይህን ከእናቷ አፍ የሰማችው ነው፤ ውስጧ ተቀምጦ ቆይቷል ማለት ነው። እናቷ በኋላ እንደነገረችኝ ልጅቷ መልእክቱን ከመላኳ በፊት ክፍሏን ዘግታ ብዙ ጊዜ ቀርጻ አጥፍታዋለች።

ሚስጥሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል። መቅረጽ፣ መስማት፣ ማጥፋት፣ እንደገና መቅረጽ። ቅዳሜ የተናገረችው ቃል አንዴ ከአፏ ከወጣ ወጣ ነው፤ ሁሉም ሰምቷል። ማክሰኞ ግን የምትልከውን የምትመርጠው እሷ ናት። በዚያ ላይ ሳታውቀው አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ተለማመደች። እኔ የቤት ሥራ ብዬ ባዛት ያን ያህል ጊዜ አትደግመውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1840 ፈጣን ጽሑፍ (ሾርትሃንድ) በፖስታ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ የጻፉትን ይልኩለታል፣ እሱ አርሞ ይመልስላቸዋል። የርቀት ትምህርት መነሻው ይኸው ሄዶ የሚመለስ መልእክት ነው። ስዊድናዊው የርቀት ትምህርት ተመራማሪ ቦርየ ሆልምበርግ ደግሞ የርቀት ተማሪ የሚበረታው ከአስተማሪው ጋር ወዳጃዊ ጭውውት ላይ ያለ ሲመስለው ነው ይላል። ዛሬ የቀጥታ ቪዲዮ በእጃችን ስለሆነ ትምህርቱ ሁሉ እዚያው የሚያልቅ ይመስለናል። እኔ እንዳየሁት ግን ለዝምተኛ ልጅ ትልቁ ሥራ ያለው በሁለት ቅዳሜዎች መካከል ነው።

አመላለሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ሥራ እሱ ነውና። በዚያው ቀን እመልሳለሁ። በሦስተኛው ቀን የሚደርስ መልስ ለ7 ዓመት ልጅ ዋጋ የለውም፤ ምን ብሎ እንደነበር ረስቶታል። መጀመሪያ የምመልሰው ለነገሩ ነው፣ ለሰዋስው አይደለም። ሽንኩርቱን አውጥታ እንደጣለች ለነገረችኝ ልጅ "ጎበዝ፣ ጥሩ ተናገርሽ" ካልኳት ምን እንዳለች አልሰማኋትም ማለት ነው። "ጥሬውንም አትወጂም ወይስ የበሰለውን ብቻ?" ስላት ግን ሌላ መልእክት መጣ።

ሲሳሳቱ ደግሞ "ተሳስተሃል" አልልም። ትክክለኛውን መልሼ በራሴ ጥያቄ ውስጥ እከተዋለሁ። ጀርመን ያለ አንድ ልጅ ስለ ሴት አያቱ ሲነግረኝ "አያቴ መጣ" አለኝ። እኔም "አያትህ መጣች? በጣም ደስ ይላል! ምን ይዛልህ መጣች?" አልኩት። ቀጥሎ የላከው "ዳቦ ቆሎ ይዛ መጣች" የሚል ነበር። በአንድ መልእክት የማርመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌሎች አራት ስህተቶች ቢኖሩም አልፋቸዋለሁ። ለማለፍ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን ሁሉንም ያረማችሁበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አይልክም።

ድምፅ ላይ ያገኘሁት ሌላ ጥቅም አለ። ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ እና ጰ እንግሊዝኛም ጀርመንኛም ውስጥ የሉም። ልጆቹ "ጠረጴዛ"ን "ተረፔዛ" ይሉታል። ዙም የጀርባ ድምፅ የሚቀንስበት አሠራር አለው፤ በእኔ ክፍል እነዚህን ፍንድት የሚሉ ድምፆች አደብዝዞ ነው የሚያደርሳቸው። ልጁ "ጠ" ይበል "ተ" ለመለየት እቸገር ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ "ኦሪጅናል ሳውንድ" የሚለውን ማብራት ይረዳል፤ እኔ ልጁን ለመስማት በልጁ በኩል፣ እሱ እኔን ለመስማት ደግሞ በእኔ በኩል መብራት አለበት። የድምፅ መልእክት ላይ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ ካልገባኝም ደግሜ አዳምጠዋለሁ። ድምፆቹን ለማስጀመር የምጠቀምበት ዘዴ ትንፋሽን መያዝ ነው። ልጁ ትንፋሹን ጥርቅም አድርጎ ይዞ "ጠ" ይበል። "ተ" ትንፋሽ ካልወጣ አይሆንም፤ "ጠ" ግን ትንፋሽ ተይዞም ይወጣል። ልጆቹ ይህን እንደ ጨዋታ ይወዱታል። ከታናናሾቹ አንዱ ለታላቅ እህቱ አስተምሯታል።

ስለ ወላጆች ሳልናገር ባልፍ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ዋትሳፕ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያለ ወላጅ ቁጥጥር አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚያልፈው በወላጅ ስልክ ነው። ይህን እንደ እንቅፋት አላየውም። ለልጅ በቀጥታ፣ ወላጅ በማያየው መንገድ መልእክት መላክ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። የአንዱን ልጅ ድምፅም ወደ ግሩፕ አልልክም። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ የሽንኩርቱን ነገር ላንሳው ስፈልግ መጀመሪያ "ልናገረው?" ብዬ ልጅቷን ጠየቅኳት። እሺ አለች፣ ከዚያም ጨዋታውን ራሷ ነጥቃኝ ተናገረችው። በክፍሉ ፊት የሰማሁት የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገሯ ያ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ መናገር ያቅተኛል።

ችግሩ አንዳንድ ወላጅ ከኋላ ሆኖ ማስጠናቱ ነው። ልጁ ሲቀርጽ የእናቱ ሹክሹክታ አብሮ ይመጣል። አንድ አባት "ይቅርታ መምህር፣ ተሳስቷል፤ ድጋሚ ላስቀርጸው?" ብለው ጻፉልኝ። "አይ፣ ይተዉት። ለእኔ የሚጠቅመኝ እሱ ራሱ ያለው ነው" አልኳቸው። ደግነታቸው ይገባኛል። ልጃቸው አማርኛ እንዲችል ከልባቸው ይፈልጋሉ፣ መምህሩ ፊትም እንዳያፍር ይሳሳሉ። ግን ልጁ ብቻውን ሲቀርጽና ሲታገዝ የሚልከው አማርኛ የአንድ ልጅ አይመስልም። አሁን አዲስ የትምህርት ዙር ሲጀመር ወላጆችን ለብቻ ሰብስቤ ይህን እነግራቸዋለሁ።

ሰዓት ላይ ፈጠን ልበል። እኛ ሰዓት አንቀይርም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትሄዳለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ትመለሳለች። ጀርመን የምትቀይረው በማርች የመጨረሻ እሁድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። ክፍሉን በሜሪላንድ 10፡00 ላይ ካሰራችሁት በእነሱ በጋ ለእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይውላል። ማርች ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ በመከር ደግሞ አንድ ሳምንት፣ ለጀርመኖቹ 16፡00 የነበረው 15፡00 ይሆናል። ማስታወቂያውን ስትልኩ የየአገሩን ሰዓት ለየብቻ ጻፉት። በእኛ አቆጣጠር "4 ሰዓት" ብላችሁ ብትጽፉ ወላጁ ቢገባውም ልጁ አይገባውም።

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲሄድ ደግሞ አንድ ወላጅ ክፍሉን ስለሚይዝልኝ ልጆቹ አይበተኑም። ልጆቹ የጀመሩትን ገጽ ተራ በተራ ያነባሉ። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ መቋረጡም ለትናንሾቹ በልካቸው ነው፤ ከዚያ በላይ አይቀመጡም።

እስካሁን ያልተፈታልኝ የ11 እና የ12 ዓመቶቹ ነገር ነው። ድምፃቸውን መቅረጽ አይፈልጉም። ይጽፉልኛል፤ ግን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ልከለክላቸው አሰብኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ከከለከልኳቸው ጭራሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። አሁን እነሱ በፈለጉት ይጽፋሉ፣ እኔ ሁሌም በፊደል እመልሳለሁ። መልሴን ማወቅ ስለሚፈልጉ እየታገሉም ቢሆን ያነቡታል። አንዱ ልጅ ያላወቀውን ፊደል ፎቶ አንስቶ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ላከልኝ፤ "ኋ" ነበር። ለሚቀጥለው ዙር ጂቦርድ በሚባለው የስልክ መጻፊያ ላይ አማርኛ እንዲጭኑ ለወላጆች ነግሬያለሁ። በየመልእክቱ አንድ ቃል ብቻ በፊደል እንዲጽፉ ልጠይቃቸው ነው፤ የትኛውን እንደሆነ ራሳቸው ይምረጡ። በዚህ ዕድሜ ያሉትን የምታስተምሩ ካላችሁ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ እንዴት እንዳሻገራችኋቸው ብትነግሩኝ ከመስከረም በፊት ልሞክረው እችላለሁ።