ላሊበላ፦ ወደ ታች የተፈለፈለው መንገድ

የላሊበላ አሮጌው ሰፈር ዋና መንገድ ባጃጅ የሚመላለስበት፣ ሱቅና ሆቴል ግራ ቀኝ የተደረደሩበት አይደለም። ዋናው መንገድ ከሥር ነው፤ ከቀዩ ድንጋይ ተፈልፍሎ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቦይና ዋሻ። ብዙ ጎብኚ ከአንዱ የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ ወደ ሌላው በመኪና እየተወሰደ ይህንን ሳያይ ይመለሳል፤ በጣም ያሳዝነኛል። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ አብረው የተጠቀሱት የላስታ ጎጆዎችም፣ ማለትም ከቀይ ድንጋይ የተሠሩት ባለ ሁለት ፎቅ ክብ ቤቶች፣ የሚታዩት በእግር ሲኬድ ነው።

የሚያዋጣው ጉዞ ቁልቁለቱን መከተል ነው። ከመድኃኔ ዓለም ጀመርኩ። ርዝመቱ 33.5 ሜትር፣ ወርዱ 23.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ግቢውን አንድ ጊዜ ሳይዞሩ ወደ ውስጥ መግባት ግን ያጎድላል፤ ግዝፈቱ የሚታወቀው ከውጭ ዐምዶቹ ሥር ሲቆሙ ነው። ከዚያ በምዕራብ በኩል ድንጋዩን በስቶ የሚያልፈው አጭር መተላለፊያ ቤተ ማርያም ግቢ ያወጣል። ቤተ መስቀል በዚሁ ግቢ በሰሜኑ ግድግዳ፣ ቤተ ደናግል በደቡቡ ስለተፈለፈሉ ሳያስተውሉ ማለፍ ቀላል ነው። የገና ዕለት ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ»ን የሚያሸበሽቡት ከዚህ ግቢ በላይ ባለው በማሜ ጋራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እግር ማሳረፊያ ስለማይገኝ መንገዱን ለማየት የመጣ ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ።

ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ጎልጎታና ሚካኤል፣ ከፊታቸውም የአዳም መቃብር የሚባለው አራት ማዕዘን ድንጋይ አለ። እዚህ ቦዩ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ወለሉም በእግር ብዛት ለስልሷል። ዝናብ ሲጥል ውሃው ዮርዳኖስ ወደሚባለው ወንዝ እንዲወርድ ቦዮቹ ተዳፋት ተደርገው ነው የተፈለፈሉት። ስለዚህ በክረምት ተጓዡ የሚረግጠው ውሃው የሚሄድበትን ነው፤ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያንሸራትታል። ጫማው ማሰሪያ የሌለው ቢሆን ይሻላል፤ በየበሩ ይወለቃልና። በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ ሰው ለጫማ ጠባቂው አስቀድሞ ይንገረው፤ ወደ መውጫው ያደርስለታል። ወፍራም ካልሲም ያስፈልጋል፤ ከምንጣፉ ቁንጫ አይጠፋም።

ጊዮርጊስ ብቻውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። መጀመሪያ ከላይ፣ ከአፋፉ፣ በጣሪያው ላይ የተቀረጹትን አንዱ በአንዱ ውስጥ ያሉ መስቀሎች ማየት፣ ከዚያ በቦዩ ዞሮ መውረድ ነው። አፋፉ ላይ መከለያ የለም። ፎቶ እያነሱ ወደ ኋላ መራመድ አደገኛ ነው፤ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው እጁን አይልቀቅ።

ከዚህ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ወደ ምሥራቁ ምድብ መሄድ ነው፤ አካሄዱን የሚፈትነውም ይኸኛው ነው። ከገብርኤል ወሩፋኤል ወደ መርቆሬዎስ የሚወስደው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሲኦል መንገድ ይሉታል። ባትሪ መያዝ ደግ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ሳያበሩ ነው የሚያልፉት፤ አንድ እጅ ግድግዳው ላይ፣ ሌላው ከራስ በላይ፣ እግርም ሳይነሣ እየተሳበ። የሚፈራ ሰው መሐል ቆሞ ከኋላው ያለውን ከሚያስጨንቅ በላዩ በኩል ይዙር፤ ምንም አይጎድልበትም። አማኑኤል ላይ ገባ ወጣ እያለ የተጠረበው ግድግዳ የአክሱምን አሠራር ያስታውሳል። አባ ሊባኖስ ደግሞ ጎኖቹ ተፈልቅቀው ጣሪያው ከተራራው አልተለየም።

ሰዓትን በተመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በሮቹ ይዘጋሉ። በጾም ወቅት ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚገፋ በዋዜማው መጠየቅ ይሻላል። ሴቶች ነጠላ ይያዙ። ከፍታው ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ሰው ደረጃው ላይ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ሰሜኑን ምድብ፣ ማለትም ከመድኃኔ ዓለም እስከ ሚካኤል ያለውን፣ እንዲሁም ጊዮርጊስን ከቀትር በፊት መጨረስ፣ ምሥራቁን ከ8 ሰዓት በኋላ ማየት በቂ ፋታ ይሰጣል። ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ በመሐሉ ያለው ጊዜ ለገበያው ይዋል፤ የላስታ ማር እዚያ ይገኛል፤ ቀምሶ መግዛት ነው።