ካቻቢቴ ላመጣ ገብቼ

ዛሬ ሰው ማየት አላሰኘኝም። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ስልክ ሲጮህ ዕዳ ጠያቂ የመጣብኝ የሚመስለኝ ቀን አለ፤ ታውቁታላችሁ። የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ከላላ ሰንብቷል። ጠዋት ባለቤቴ "ዛሬስ ታጠብቀዋለህ ወይስ እኔው ልሞክረው?" አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አኮርፍ ነበር። ዛሬ ግን ደስ አለኝ። ወደ ሥራ ክፍሌ ለመሸሽ ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? ካቻቢቴ ላመጣ ብዬ ወጣሁ።

ካቻቢቴው የተሰቀለው ከጂጎቹ አጠገብ ነው። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ለማታውቁት፣ ጂግ ማለት ራውተር መንገዱን እንዳይስት የሚመራው፣ ባለሙያው ራሱ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ራውተር ስል ዋይፋይ የሚረጨውን አይደለም። እንጨት የሚበላውን ነው፤ ቢቱ፣ ማለት መቁረጫ ምላጩ፣ በደቂቃ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከረውን። (አንዴ ለአንድ ወዳጄ "ራውተሬ አስቸገረኝ" ብለው ፓስዎርዱን ቀይረው ብሎኛል።) ቀጥ ያለ ነገር ለመቁረጥ ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፎ መንዳት ይበቃል። ኩርባ ሲሆን ግን ራውተሩ የሚደገፍበት የለውም። መደገፊያው ራሱ ኩርባ መሆን አለበት። ማለት ኩርባ ለመቁረጥ መጀመሪያ ኩርባ መቁረጥ ያስፈልጋል። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ግድግዳዬ ላይ ሰባት ኩርባ ተሰቅሏል። ስድስቱ ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ራዲየሳቸው፣ ለምን እንደተሠሩ፣ የትኛው ፊታቸው ወደ ላይ እንደሚሆን። ሰባተኛው ላይ ምንም የለም። አውርጄ አየሁት። 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ነው፤ ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ። አንዱ ጎኑ ለስለስ ብሎ ይጎብጣል። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ከዳር እስከ ዳር ሄድኩበት። አንዲት ጉብታ የለችውም። ማን እንደሠራው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። ለምን እንደሠራሁት ግን ጨርሶ ጠፋኝ።

ቁጭ አልኩ።

ከስድስቱ ሦስቱ የአንድ አልጋ ናቸው። ታሪኩን ግማሾቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያፌዛችሁብኝም አላችሁ። እህቴ ልትወልድ ሦስት ወር ሲቀራት፣ የሚወዛወዝ የሕፃን አልጋ እኔ እሠራለሁ አልኩ። አፌን የሚይዝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። የአልጋው ሣጥን ቀላል ነው፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ጣውላ ነው። ጣጣው ከሥር የሚገቡት ሁለቱ መወዛወዣዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር ርዝመት አላቸው፤ መሃላቸው ከጫፎቹ 5 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። ራዲየሱን ለማግኘት የርዝመቱን ግማሽ በራሱ ማባዛት፣ ለጥልቀቱ እጥፍ ማካፈል፣ ከዚያ የጥልቀቱን ግማሽ መደመር ነው። 30 ጊዜ 30፣ 900። ለ10 ሲካፈል 90። 2.5 ሲደመርበት 92.5 ሳንቲሜትር። ሲመጣልኝ እንዴት እንደኮራሁ! ለሳምንት ያህል ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ ስለ 92.5 አወራሁ። ሰዎች እየራቁኝ ነበር መሰለኝ።

የመጀመሪያው ጂግ ትልቅ ኮምፓስ ነው። ቀጭን የኮምፔንሳቶ ዘንግ፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ራውተሩ በብሎን የታሰረበት፣ ሌላኛው ጫፍ በሚስማር የተተከለ። ራውተሩ ሚስማሩን እየዞረ ይቆርጣል፣ በቃ። በግማሽ ሰዓት ሠራሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለኔ ነው።

ቢቱ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከሚስማሩ ተነስቼ እስከ ቢቱ ስለካ፣ እስከ የትኛው ጠርዙ ነው የምለካው? የሚቀረው እንጨት ከውስጥ በኩል ከሆነ እስከ ቅርቡ ጠርዝ፣ ከውጭ በኩል ከሆነ እስከ ሩቁ። አንደኛውን መወዛወዣ በትክክል ለክቼ ቆረጥኩ። ስልክ ተደወለ። (ስልክ ለምን እንደምጠላ አሁን ገባችሁ?) ተመልሼ ሚስማሩን እንደ አዲስ ስተክል እስከ ሩቁ ጠርዝ ለካሁ። አንዱ 92.5 ሆነ፣ ሌላው 91.3።

አንዱን በሌላው ላይ ሳስተኛቸው መሃላቸው ገጠመ፣ ጫፎቹ ላይ ግን አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ልዩነት አለ። መብራት ፊት ይዤ አየሁት። በክፍተቱ ብርሃን ያልፋል። ሕፃን ቀርቶ ሙሉ ሰው ቢተኛበት ይኼን አያውቅም። እህቴም አታውቅም። እኔ ግን አወቅሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያቺን ቀጭን ብርሃን ሳይ አደርኩ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተያዘ። አንድ ፎርማ፣ ማለት ኩርባው የሚገለበጥበት ሞዴል፣ ሠርቶ ሁለቱንም ከእሱ ማውጣት። ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ ጂግም ጂግ ይወልዳል። በኮምፓሱ ፎርማውን ከኤምዲኤፍ ቆረጥኩ። (አቧራው ጉድ ነው፤ ያለ ማስክ እንዳትነኩት።) ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጫፉ ላይ ኩሽኔታ ያለው ቢት ነው። ኩሽኔታዋ የፎርማውን ጠርዝ ይዛ ትንከባለላለች፣ ምላጩ በእሷ ልክ እንጨቱን ይበላል። ኩሽኔታ ታማኝ ናት፤ ሲበዛ ታማኝ። ያገኘችውን ሁሉ ትገለብጣለች። የደረቀች የኮላ ጠብታ ብታገኝ እሷንም እንጨቱ ላይ ትጽፋታለች።

የኔ ፎርማ መሃል ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበረበት። ስቆርጠው እጄን ልቀይር ለአፍታ ቆሜ ነበር፤ ራውተሩ እኔን አይጠብቅም፣ ቆሞም ይበላል። በዓይን አይታይም። ዓይን ጨፍኖ በጣት ሲሄዱበት ግን ጣት እዚያ ስትደርስ ወረድ ትላለች። ብርጭቆ ወረቀት በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልዬ እዚያው ቦታ ላይ ፈተግኩት። ባሰበት። ትንሽ እንጨት ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል እንጂ አያስተካክልም። መፍትሔው ረጅምና ቀጭን፣ የሚጎብጥ ሳንቃ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፎ ኩርባውን ከዳር እስከ ዳር ባንድ ትንፋሽ መሄድ ነው። ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል፣ ዝቅ ያለውን ዘሎት ያልፋል። አንድ ሙሉ ከሰዓት ሄደብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ዓመት ካሳለፍኳቸው ከሰዓቶች ሁሉ እሱን ነው የምወደው። ሽው፣ ሽው፣ ጣት፣ እንደገና ሽው።

ከዚያ እውነተኛው እንጨት መጣ። ፎርማውን በሁለት ፊቱ በሚያጣብቅ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ ራውተሩን አስነሳሁ። ከመሃል እስከ ጫፍ ያለውን ግማሽ እንደ ቅቤ ሄደ። ቀሪውን ከሌላኛው ጫፍ ወደ መሃል ሲጀምር፣ ጧ! የጣት የሚያህል ስንጣሪ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተላተመ። ልቤ ተከትሎት የወጣ መሰለኝ።

ነገሩ የቃጫው ነው። ራውተር የሚገፋው ከቢቱ ዙር በተቃራኒ ነው፤ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚኬደው። ኩርባ ላይ ደግሞ ከመሃል ወደ ጫፍ ሲሄዱ ምላጩ ቃጫውን እያስተኛ ይቆርጣል፣ ከጫፍ ወደ መሃል ሲሆን ግን ከሥሩ ገብቶ ይፈነቅለዋል። ማለት የትም ጀምሩ የት፣ ግማሹ መንገድ ጠላት ነው። ከላይም ከታችም ኩሽኔታ ያለው ቢት ካለ ግማሹን ቆርጦ፣ እንጨቱን ከነፎርማው ገልብጦ፣ ቀሪውን በደህናው አቅጣጫ መጨረስ ይቻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ በመጋዝ እስከ መስመሩ መቅረብና ለራውተር ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ መተው። እኔ አንድ ሳንቲሜትር ነበር የተውኩት። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እህ፣ አንድ ነገር ረሳሁ። ፎርማው ከእንጨቱ በሁለቱም ጫፍ አራት ጣት ያህል መርዘም አለበት። ኩሽኔታዋ እንጨቱ ጋ ከመድረሷ በፊት መንገዱን እንድትይዝ፤ ያለዚያ ቢቱ ማዕዘኑን ነክሶ ይወረወራል። ጠዋት ጠዋት እኔም እንደዚያ ያለች አራት ጣት ብትኖረኝ ብዬ አስባለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ቀጥታ ቀኑ ላይ ነው የምወድቀው።

ከውስጥ "አገኘኸው?" የሚል ድምፅ መጣ። "እየፈለግኩ ነው" አልኩ። ምን እንደምፈልግ ግን ለአፍታ ጠፍቶብኝ ነበር።

አብሬያቸው እሠራ የነበሩት ጋሼ ይኼን ሁሉ ጂግ ቢያዩ ይስቁብኝ ነበር። እሳቸው ሚስማር ይመቱና ቀጭን የእንጨት ዘንግ በመሃላቸው ያጎብጣሉ። ራቅ ይላሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ። "ትንሽ ሳብ አርጋት" ይሉኛል። እሷን ሳብ አደርጋለሁ። አሁንም ያያሉ። ዝም ይላሉ። ዝምታው ሲረዝም እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። "በቃ፣ ያዛት።" በእርሳስ እከተላታለሁ። ራዲየሷ ስንት ነው ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ብጠይቅ ኖሮ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚያዩኝ አውቃለሁ።

ይኼን እያሰብኩ ነው ባዶውን፣ ምንም ያልተጻፈበትን ሰባተኛ ፎርማ የ92.5ቱ ላይ ያስተኛሁት። ለምን እንዳደረግኩት እንጃ፤ እጅ ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው አያጣም። መሃሉ ገጠመ። ወደ ጫፎቹ ሲሄድ ግን ተለያየ፤ ባዶው ቀስ እያለ ቀጥ እያለ ይሄዳል። ሌሎቹንም ሞከርኩ። ከአንዱም ጋር አይገጥምም። ክብ አይደለማ! የጎበጠ ዘንግ እንዲህ ነው፤ መሃሉ ላይ ይበልጥ ይጎብጣል፣ ጫፉ ላይ ይለቀቃል። በኮምፓስ አልወጣም ማለት ነው። አንድ ቀን ሚስማር መትቼ፣ ዘንግ አጉብጬ፣ ራቅ ብዬ አይቼ፣ በቃ ብያለሁ። ለራሴ። ምንም ያልጻፍኩበትም የሚጻፍ ቁጥር ስላልነበረው ነው።

ግን መቼ? ለምን? እኔ ነኝ ቁጥር የሌለውን ነገር ዓይቼ "በቃ" ያልኩት? ያን ቀን ምን ሆኜ ነበር?

መወዛወዣዎቹ ምን ሆኑ ለምትሉኝ፣ አልቀዋል። እዚሁ ተሰቅለዋል። አንዱ በሌላው ላይ ሲተኛ ብርሃን አያሳልፉም። እንዲህ የተመሳሰለ ነገር በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ሣጥኑ ነው ያልተሠራው። ልጁ አሁን ይሮጣል፤ ባለፈው መጥቶ አንዱን መወዛወዣ እንደ ሰይፍ ይዞ ሲያሳድደኝ ነበር።

እህቴ አሁን ሐሳቧን ቀይራለች። "እሺ ተወው፣ ደንበኛ አልጋ ሥራለት። ቀጥ ያለ አልጋ። አራት እግር፣ አራት ማዕዘን። ምንም የሚጎብጥ ነገር እንዳታስገባበት" ብላ አስምላኛለች። ምያለሁ። የሁለት ቀን ሥራ ነው። ቀጥ ያለ ጣውላ ነው፣ ጂግም አያስፈልገው።

የአልጋውን ንድፍ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ንድፉ በሙሉ ልኩ ነው የተሳለው። የራስጌው የላይ ጠርዝ ቀጥ ብሏል፤ ትንሽ ሲበዛ ቀጥ ብሏል። ባዶውን ፎርማ አንስቼ እላዩ ላይ አስቀመጥኩት። ራቅ አልኩ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያምራል። አራት ጣት ብቻ ነው ያጠረው።

ያው አዲስ መሥራት ነው እንግዲህ።