ናፍጣው የት ገባ?

የምሠራው ስምሪት ክፍል ነው። ማን በየትኛው መኪና ወዴት ይሄዳል፣ መቼ ይመለሳል፣ ስንት ኪሎ ሜትር ነዳ፣ ሁሉም በእኔ መዝገብ ያልፋል። መሥሪያ ቤታችን ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ ደስታው የአለቆቹ፣ ጣጣው የእኔ ሆነ።

በግዢው ጉዳይ ብዙም የሚመረጥ ነገር አልነበረም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ በፊትም የኤሌክትሪኩ ቀረጥ ቀንሶ ነበር። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ ተነሥቶለት፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ይከፈልበት ነበር። በዚያ ላይ የማደያ ሰልፍ አለ። ሹፌር ግማሽ ቀን ሙሉ ማደያ ተገትሮ ሲውል አበሉም ሰዓቱም የእኛው ነው። ፋይናንስ ደምሮ ቀንሶ «ይገዛ» አለ።

ክርክሩ ግን የጀመረው መኪኖቹ ግቢ ከገቡ በኋላ ነው፣ ሻይ ክበብ ውስጥ።

በአንድ ወገን ዋናው ሹፌራችን ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በናፍጣ መኪና ጎዴም ጂንካም ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የሞተር ድምፅ ሰምተው የቱ ጋ እንደታመመ ይነግሩሃል። በሌላው ወገን ሕንፃውን፣ ሊፍቱንና ጄኔሬተሩን የሚይዘው ወጣት ኢንጂነር አለ። ጋሼ ሲወዱት «ልጄ»፣ ሲናደዱበት «ኢንጂነር» ይሉታል።

«ጭስ የለውም እኮ ጋሼ» ይላል እሱ። «ከሚኒባስ ኋላ ቆመው መስኮት የሚዘጉት ለምን ሆነና? ደግሞ የእኛ አገር መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውኃ ነው። ትንሽ ከንፋስ። ሕዳሴ ብቻውን 5150 ሜጋ ዋት ነው። ሌላ አገር ሰው ሶኬት ሲሰካ ከኋላው ከሰል ይነድዳል። እዚህ ዝናብ ነው የሚነዱት።»

«ባትሪውስ? ከዛፍ ተለቀመ?»

ኢንጂነሩ እዚህ ላይ ማመኑ አይቀርም። ባትሪ ሲሠራ ብዙ ኃይል ይበላል፣ ማዕድኑም ተቆፍሮ ነው የሚወጣው። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ከቤንዚኑ የበለጠ የካርቦን ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ዕዳውን የሚከፍለው እየተነዳ ነው። መብራቱ ንጹሕ በሆነበት አገር ቶሎ ይከፍላል፣ ከሰል በሚነድድበት ይዘገያል። «የእኛ ባትሪ ደግሞ የብረት ፎስፌት ነው፣ ኮባልት የሚባለው ማዕድን የለበትም» ብሎ ያክላል። ጋሼ ኮባልት ምን እንደሆነ አልጠየቁም። የሚጠይቁት ሌላ ነገር ነው።

«እሺ፣ ጂንካ ላይ ቻርጅ ሲጨርስብኝ ማን ይስበኛል?»

ይኼን ጊዜ ሻይ ክበቡ ይስቃል። ኢንጂነሩም ይስቃል፣ መልስ ስለሌለው።

እውነት ለመናገር መኪኖቹ ራሳቸው ለጋሼ ወገን ጥሩ ምስክር ነበሩ። የመጡት ለቻይና ገበያ ከተሠሩት ነው። ስክሪኑ ቻይንኛ፣ ማስጠንቀቂያው ቻይንኛ፣ የምታናግረው ሴትዮ ቻይንኛ። አንድ ቀን ጠዋት ስክሪኑ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ወጣ። ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ደወለ። ፎቶ አስነሣነው፣ በስልክ አስተረጎምነው። ዕቃ ጫኝ ሳይቀር ተሰብስቦ ይጠብቃል። ለካ የመስታወት ማጠቢያው ውኃ አልቆ ነው።

እኔ በዚህ ክርክር ወገን አልነበረኝም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማታ ያልተሰካ መኪና ጠዋት ጉምሩክ መሄድ አለመቻሉ ነው። ነዳጅ ቢሆን ማደያ ይሮጣል፣ ይቀዳል፣ ያበቃል። ይኼኛው ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ «ግቢ የገባ መኪና ሁሉ ወዲያው ይሰካ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ወርዶ ነበር። ግድግዳው ላይ ሁለት ቻርጀር ተተክሏል፣ እያንዳንዱ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ። ሹፌሮቹም ለመዱት። ሞተር ከማጥፋት፣ ይቅርታ፣ መኪና ከማጥፋት ቀጥሎ መሰካት ሆነ።

ከዚያ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተበላሸ። ተጠገነ ሲባል ይሄዳል፣ መጣ ሲባል ተመልሶ ይጠፋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተራችን በራሱ ይነሣል። የጄኔሬተሩን ናፍጣ የሚሞሉት የጥበቃ ሠራተኛው አባባ ናቸው። ናፍጣ በጄሪካን ማስቀዳት ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ደብዳቤ ይዞ መሄድ አለ። ደብዳቤው በፋይናንስ በኩል ስለሚያልፍ ስንት ሊትር እንደወጣ እዚያ ይታወቃል።

አንድ ቀን የፋይናንሷ ኃላፊ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ ገባች።

«ናፍጣ እየወጣ ነው» አለች።

«ወዴት?»

«እሱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። መብራት በጣም ያስቸገረን ባለፈው ክረምት ነበር። ያኔ እንኳ ይኼን ያህል አልወጣም። አሁን ግን አየው።»

አየሁት። ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነበር። በዚያኛው ክረምት የኤሌክትሪክ መኪና አልነበረንም፣ ግን ይኼ ለማናችንም ትዝ አላለንም። ናፍጣ ሲጎድል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጄሪካን የያዘውን ሰው ነው። ወሬው ከፋይናንስ ወደ ጠቅላላ አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ሻይ ክበብ ወረደ። ማንም ስም አልጠራም። አባባ ግን በበሩ ሲያልፉ ሰው ዝም ማለት ጀመረ። ጠቅላላ አገልግሎት ማብራሪያ እንዲሰጡ ደብዳቤ ጻፈባቸው። እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ከማስጠንቀቂያ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው።

አባባ ደብዳቤውን ተቀብለው ፈረሙ። በማግስቱ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። ጠርዙ የተበላ፣ በላስቲክ የታሰረ የተማሪ ደብተር ነው። የቀድሞ ወታደር ናቸው። ማንም ሳያዛቸው ጄኔሬተሩ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ሲጽፉ ኖረዋል። «መብራት ሄደ 4፡20። መጣ 9፡05። ናፍጣ ጨመርኩ፣ አንድ ጄሪካን።» ገጽ በገጽ እንዲህ ነው። አንዳንዱ መስመር ላይ «ዝናብ» ይላል፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጠቅላላ አገልግሎት ደብተሩን አገላብጦ «ይኼ እኮ የራስዎ ጽሑፍ ነው» አላቸው። ራሳቸው የጻፉት ምስክር አይሆንም ለማለት ነው። ኢንጂነሩ ግን ተቀበላቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ካልኩሌተር አወጣ። የጄኔሬተሩ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ አለ፣ ከዚያ ጋር አስተያየው። ሰዓቱ ልክ ነው። ያለፈው ክረምትና የአሁኑ የጨለማ ሰዓት ተቀራራቢ ነው። የተለየው ሌላ ነው። ድሮ በሰዓት 5 ሊትር ገደማ ይወስድ የነበረው ጄኔሬተር አሁን ወደ 8 ይጠጋል።

«ጄኔሬተር ዝም ብሎ አይጠጣም» አለ። «ሲጫንበት ነው የሚጠጣው። ወይ ያፈስሳል፣ ወይ ጭነት ጨምሯል።»

ሥሩን በካርቶን አየ፣ ጠብታ የለም። ፊልተር ፈታ፣ ደህና ነው። ቢሮ ውስጥ አዲስ የገባ ማሽን ፈለገ። የለም።

በሳምንቱ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ኢንጂነሩ በገመድ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካውን ክላምፕ ሜትር ገመዱ ላይ አስሮ ቁጥሩን ያያል፣ እኔ መዝገብ ይዤ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጋሼ ጉምሩክ ደርሰው መመለሳቸው ነበር። መኪናውን አስገቡ፣ እንደተለመደው ሰኩት፣ ወደ እኛ መጡ። በዚህ መሐል ጄኔሬተሩ ጉሮሮውን እንደመጥረግ አለ። ድምፁ ወፈረ። ክላምፕ ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ዘለለ።

ጋሼ ቆሙ። እኚህ ሰው ሞተር በጆሮ የሚያነቡ ናቸው ብዬ የለ? ዞር ብለው መኪናውን አዩ። ቻርጀሩ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሄደው ነቀሉት። የጄኔሬተሩ ድምፅ ቀለለ። መልሰው ሰኩት። ወፈረ።

«ኢንጂነር» አሉ፣ «ዝናብ ነው የሚነዱት ያልከኝ ይኼን ነው?»

ኢንጂነሩ የሳቀው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራ። እንደ እኛው ያለ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚያወጣው። ሌላው በሙቀትና በጭስ ይሄዳል። የእኛ መኪና ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ፣ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስታካፍለው 6 ሊትር ናፍጣ ነው። ቪትዝ እኮ በዚያው ልክ ቤንዚን ትሄዳለች! ያውም ጭሱን የምትለቀው መንገድ ላይ ነው። የእኛው ግቢያችን ውስጥ፣ ከሻይ ክበቡ መስኮት ሥር ነው።

ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ቀኑን ሙሉ ይፎክራሉ ብዬ ነበር። አልፎከሩም። «መጀመሪያ ሰውዬውን» አሉ። የፋይናንሷን ኃላፊ ጠርተው፣ እኔንም አስከትለው፣ ወደ በር ሄዱ። እሷም አላንገራገረችም። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ናፍጣውን መኪና ነው የጠጣው» አለች። አባባ መጀመሪያ አልገባቸውም። የኤሌክትሪክ መኪና ናፍጣ ጠጣ ሲባል ማን ይገባዋል? ሲገባቸው «ታዲያ ደብዳቤዬ?» አሉ። ደብዳቤው ከማኅደራቸው እንዲወጣ ተደረገ። ወጥቶ እስኪያዩ ድረስ ግን ጠቅላላ አገልግሎት በር ላይ ቆመው ጠበቁ። እኔም ብሆን እጠብቅ ነበር።

ጥገናው ቀላል ነበር። ቻርጀሮቹ የተጎተቱት ከቼንጅ ኦቨሩ፣ ማለትም ሕንፃውን ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር ከሚያዞረው ማብሪያ፣ በኋላ ካለው መስመር ነው። ስለዚህ ሕንፃው ያገኘውን ሁሉ እነሱም ያገኛሉ፣ የመብራት ኃይልም ይሁን የጄኔሬተር። ኢንጂነሩ መስመሩን ከቼንጅ ኦቨሩ በፊት አዞረው፣ የራሱን ብሬከር አስገባለት፣ ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ፣ አርዲንጉን፣ አስተካከለ። አሁን መብራት ሲሄድ ቻርጀሩም ይጠፋል። «ወዲያው ይሰካ» የሚለው ትእዛዝም ቀረ። የሚሰካው ማታ ነው፣ ቢሮው ሲዘጋ፣ ሊፍቱም ኮምፒውተሩም ሲያርፍ። አዳሩን ይሞላል።

የእኔም መዝገብ ተለወጠ። ከኪሎ ሜትሩ ጎን «የባትሪ መቶኛ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ፣ ሲወጣ ስንት፣ ሲመለስ ስንት። ባንክ፣ ጉምሩክ፣ ደንበኛ ጋ፣ እንዲሁም አዳማ ደርሶ መልስ ለኤሌክትሪኮቹ ነው። ከዚያ የራቀ ለናፍጣው ፒክ አፕ። ትራንስፎርመሩ ሲታመም ሌሊት ያልሞላ መኪና ከተማ ውስጥም አይወጣም፣ ሰው ቢቆጣም። ብዙ ሰው «የኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል ወይስ አይሻልም?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው የት እንደሚሰካና ወዴት እንደሚሄድ ነው። ያንን ሳይነግሩኝ ስለ መኪናው ቢያወሩኝ ምንም አልገባኝም።

ጋሼም ቢሆኑ በራሳቸው መንገድ ለዘብ ብለዋል። እንጦጦ ላይ እንግዳ አድርሰው ሲመለሱ ነው የሆነው። ያ ቦታ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ ከተማ ሲወርዱ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው፣ እሺ፣ ነዳጅ ባይኖረውም ከዚያው ከመርገጫው ላይ አነሡ። መኪናው ራሱን እየያዘ ወረደ። ታች ሲደርሱ መቶኛው አልቀነሰም፣ እንዲያውም በአንድ ጨምሯል። ገብተው ቁልፍ ሲያስረክቡኝ «ፍሬን አልነካሁም» አሉኝ። «በዚህ ዓይነት የፍሬን ሸራ ስንት ዓመት ሊቆይ ነው?» የፍሬን ሸራ መለወጥ ምን ያህል እንደሚያናድዳቸው ስለማውቅ ይኼ ከእሳቸው አፍ ትልቅ ምስጋና ነው። መዝገቡ ላይ ፈርመው ሲወጡ ግን «ጂንካ አልሄድበትም» ብለው ጨመሩ።

ሻይ ክበቡ ውስጥ ክርክሩ አላቆመም። አሁን የደረሰው ባትሪው ሲያረጅ ምን ይደረጋል የሚለው ላይ ነው። ጋሼ «አሮጌ ሞተር ቢያንስ ይፈታል፣ ይሸጣል፣ መርካቶ ይገባል። ይኼን ማን ይወስደዋል?» ይላሉ። ኢንጂነሩ ለመኪና የደከመ ባትሪ ለሕንፃ አይደክምም ባይ ነው። አውጥተን መብራት ሲሄድ የምንጠቀምበት መጠባበቂያ እናደርገዋለን፣ ጄኔሬተሩንም እንተካበታለን ይላል።

«እሺ ይሁን» አሉት ጋሼ ባለፈው። «ግን ስንት እንደጠጣ አባባ ናቸው የሚመዘግቡት።»